አጓት የመሰለው ውሃ

ልጁ በግራ ጎኑ ተኝቷል። ነርሷ አንድ ክንዷን ከጉልበቱ በታች፣ ሌላውን ከአንገቱ ኋላ አሳልፋ ልታጥፈው ትታገላለች። ጉልበቱ እሺ ብሎ ወደ ሆዱ ተሰበሰበ፤ አንገቱ ግን አልታጠፍ አለ። ገና እጇ ሲያርፍበት ያቃስታል። «ይኸው፣ ገትሮታል» አለች ቀና ብላ ሳታይ።

ወላይታ ሶዶ ነን፣ ስሙን ላልጠቅስ ቃል ገብቼ በገባሁበት አንድ ሆስፒታል፤ ጊዜው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። ሌሊቱን በሞተር ብስክሌት፣ በአጎቱና በእናቱ መሃል ተጣብቆ ነው የመጣው። እናቱ መተላለፊያው ላይ ነጠላዋን ጥርሷ ላይ ይዛ ቆማለች፤ አማርኛ ስለማትችል አጎትየው ያስተረጉማል። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጀርባው እንዳይወጋ። በሰፈራቸው ጀርባው ተወግቶ የሞተ ልጅ ታውቃለች።

ሐኪሙ መርፌውን አስቀምጦ ወጣ። «እናቴ» አላት፣ የገዛ ወገቡን በአውራ ጣቱ እየነካ፣ «የምወጋው እዚህ ታች ነው። ሕብለ ሰረሰሩ ከዚህ በላይ ያልቃል። እዚህ ያለው ውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ ይተካል።» አጎትየው አስተረጎመ፤ ከተባለው በላይ ረዘመበት፤ ምን እንደጨመረ አላወቅሁም። ያ የሞተው ልጅም ቢሆን የገደለው መርፌው ሳይሆን መርፌው ሊፈልገው የገባው በሽታ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ግን ለደነገጠች እናት በአስተርጓሚ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ብዙ ቆይታ ራሷን ነቀነቀች።

መርፌው ገባ። ሐኪሙ ውስጡን ሽቦ ሲስበው ጠብታ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ። የጤነኛ ሰው የአከርካሪ ውሃ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው፤ ከጠርሙሱ ኋላ ጋዜጣ ቢያዝ ፊደሉ ይነበባል። ይህኛው አይነበብበትም። ነርሷ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችውና «አጓት» አለች። ቅቤና አይቡ በሚወደስበት አገር ከዚህ የተሻለ ቃል የሚገኝ አይመስለኝም።

ጠርሙሶቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ለስኳርና ለፕሮቲን፣ አንዱ ለጀርም፣ አንዱ ለሴል ቆጠራ። ለጀርም የተቀዳውን ይዛ የሄደችውን ተለማማጅ ተከትዬ ወደ ላቦራቶሪ ወረድኩ። ልጅቷ በቅንነት በቀጥታ ወደ ፍሪጁ አመራች። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፦ «ኧረ ተይ! ብርድ ይገድለዋል!»

ይህን አላውቅም ነበር። ክትባት ሙቀት ያበላሸዋል ተብለን ነው ያደግነው፤ ጤና ኬላ ሁሉ ስለ በረዶ ሳጥንና ስለ ፍሪጅ ሲጨነቅ ነው የምናየው። የማጅራት ገትር ጀርም፣ በተለይ ማኒንጎኮከስ የሚባለው፣ የሚሞተው በተቃራኒው ነው። ሰው ጉሮሮ ውስጥ በሙቀት ተመችቶት የኖረ ፍጡር ብርድ አይወድም። ክትባቱ በረዶ፣ ጀርሙ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ የሁለቱ ጠርሙሶች ቦታ ከተሳሳተ ሁለቱም ከንቱ ናቸው።

ግድግዳው ላይ ጠርዙን ቢጫ ፕላስተር የያዘው የቀለም ሥዕል ተለጥፏል። ባለሙያዋ ስላይዱን ወይን ጠጅ ቀለም እያለበሰች፣ በአዮዲን እያሰረች፣ በአልኮል እያጠበች፣ መጨረሻም በቀይ እየቀባች ሥዕሉን በአገጯ ታሳየኛለች። ቀይ ሆነው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ለሁለት እንደተከፈለ የቡና ፍሬ ፊት ለፊት የተቀመጡት ማኒንጎኮከስ ናቸው። ወይን ጠጅ ሆነው ጫፋቸው ሾል ያሉት ጥንዶች ኒሞኮከስ ናቸው። ቀጫጭን ቀይ ጭራሮ የሚመስሉት ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ፣ በሐኪሞች ቋንቋ ሂብ ናቸው። «ሦስቱም እዚህ ይመጣሉ፤ እኛ ግን ሁልጊዜ አናያቸውም» አለችኝ።

እኛ ለሦስቱም አንድ ስም ነው ያለን። ማጅራት ገትር። አንዳንዱ ሰው እንዲያውም የሌባውን ስም ሰጥቶት ማጅራት መቺ ይለዋል፤ ከኋላ መጥቶ ጨለማ ውስጥ የሚመታ ስለሆነ አልተሳሳተም። ስሙ የሚነግረን አንገቱ ምን እንደሆነ ነው፤ ማን እንደመታው አይነግረንም። አዲስ በተወለዱት ላይ የሚበረታውን ቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስን ስንጨምርበት ዋነኞቹ መቺዎች አራት ይሆናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ከተያዙ ስድስት ሰዎች አንዱ ይሞታል፤ ከአምስት አንዱ ደግሞ ድኖም መስማት፣ ማየት ወይም አእምሮ ላይ ጠባሳ ይዞ ይኖራል።

ክትባት ሠሪዎቹን ለመቶ ዓመት ያደከማቸውም ይኸው «ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ማኒንጎኮከስ ለማጥቃት ሲወጣ ጋቢ ለብሶ ነው የሚወጣው። ጋቢው ከስኳር ሰንሰለት የተሠራ ነው፤ የሰውነት ዘበኞች ጀርሙን እንዳይጨብጡት ያዳልጣቸዋል። የጋቢው ዓይነት አሥራ ሁለት ነው፤ በሽታውን ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚያደርሱት ስድስቱ ናቸው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ደብሊው፣ ኤክስና ዋይ። ኒሞኮከስ ደግሞ ከመቶ በላይ የጋቢ ዓይነት አለው። ክትባቶቻችን ጋቢውን አይተው የሚይዙ ናቸው፤ የኤን ጋቢ የተማረ ዘበኛ ደብሊው የለበሰውን በአጠገቡ ሲያልፍ ዝም ብሎ ያየዋል።

በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ጌታው ኤ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እ.ኤ.አ. 1963 ላፔሶኒ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ዛሬ ከሴኔጋል ጠረፍ እስከ ኢትዮጵያ የሚዘረጋውን የበሽታውን መቀነት በካርታ ሣለ። መስፈርቱ ዝናብ ነበር፦ በዓመት ከ300 እስከ 1,100 ሚሊ ሜትር የሚዘንብበት ደረቅ ሰቅ። የሶዶ ደጋ ከዳሞታ ተራራ ሥር ዝናቡን ስለሚጠግብ በዚያ መስፈርት ጠርዝ ላይ ነው፤ ወደ ሁምቦ ቆላ፣ ወደ አባያ ሐይቅ ሲወርዱ ግን አቧራው ሌላ ነው። ካርታው በኋላ ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ ወደ ደቡብ መውረዱ አያስገርምም። ከዝናቡ ሌላ ወላይታ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ የሚኖርባት ምድር ናት። ከአገሪቱ የገጠር አካባቢዎች እጅግ ጥቅጥቅ ብለው ከሰፈሩት አንዷ ስትሆን፣ በምራቅ ጠብታና በትንፋሽ ለሚተላለፍ ጀርም ይህ ከዝናብ ማነስ ይብሳል።

በ1981 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1988 እና 89፣ አገሪቱን ያጥለቀለቀው ወረርሽኝ ከ40 ሺህ በላይ ሰው አሳመመ። ያኔ የነበረው ክትባት ጋቢውን ብቻ፣ ስኳሩን ብቻ የያዘ ነበር። ስኳር ብቻውን ደግሞ ለሕፃን ሰውነት ምንም አይነግረውም፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ላይ ብዙም አይሠራም፣ ለአዋቂውም ቢሆን ከጥቂት ዓመት በኋላ ይረሳል፣ ጉሮሮ ውስጥ ተደብቆ የሚዞረውንም ጀርም አያባርርም። ስለዚህ ወረርሽኝ ሲነሳ እሳት ማጥፊያ ሆኖ ይሮጥ ነበር። ሲደርስ ብዙ ጊዜ ቤቱ ተቃጥሎ ነው።

በ1996 በአፍሪካ መቀነት ላይ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ታሞ ወደ 25 ሺህ ሲሞት ነው ነገሩ የተለወጠው። የዓለም ጤና ድርጅትና ፓዝ የተባለው ድርጅት በ2001 በጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ አንድ ፕሮጀክት ከፈቱ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፦ ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር ማጋባት። ፕሮቲኑ የሰውነትን የማስታወሻ ሴሎች ይቀሰቅሳል፤ ስኳሩ አብሮ ይታወሳል። አዲሱ ነገር ዋጋው ነበር። የአፍሪካ ባለሥልጣናት ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በላይ ከሆነ አንገዛም አሉ፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፊታቸውን አዞሩ፤ የሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት እሺ አለ። ሜንአፍሪቫክ የተባለው ክትባት በታኅሣሥ 2010 በቡርኪና ፋሶ ተጀመረ። ወደ እኛ የመጣው ከ2013 እስከ 2015 በሦስት ዙር ነው፤ ከ1 ዓመት እስከ 29 ዓመት ያለ ሰው ሁሉ ክንዱን እንዲሰጥ ተጠራ። በዚያ ዘመቻ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር የተሰለፈ የደቡብ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ ስትጠይቁት የሚያስታውሰው ክንዱ ማበጡን ነው።

ክትባቱ ሌላም የሚወደድ ጠባይ ነበረው። ከ2012 ጀምሮ እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ለአራት ቀን ያለ በረዶ መያዝ እንደሚችል ተፈቅዶለታል። በእግር ተራራ ለሚወጣ ክትባት ሰጪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከ2017 ወዲህ በመቀነቱ አገሮች በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የኤ በሽተኛ አልተመዘገበም። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ቆም ብዬ አነበብኩት። መቶ ዓመት የገደለ ጠላት ነበር።

ይሁንና ቤቱ ባዶ አልቀረም። በኒጀር በ2015፣ በናይጄሪያ በ2017 ሲ ተነሳ፤ በናይጄሪያ ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ገደለ። ደብሊው ቀድሞም ከ2000 የሐጅ ጉዞ በኋላ በምዕራብ አፍሪካ ዝናው ወጥቶ ነበር። ኤክስ ደግሞ ምንም ክትባት አልነበረውም። የኤ ክትባት ጥፋት አይደለም፤ የታዘዘውን ሠርቷል። ግን በአንድ ጋቢ ላይ የተሠራ ክትባት ሁልጊዜ የሚቀረው ጥያቄ አለ፦ ቀጥሎ ማን ነው?

የመጀመሪያው መልስ ጋቢዎቹን መደመር ነው። ሴረም ኢንስቲትዩትና ፓዝ ኤ፣ ሲ፣ ደብሊው፣ ዋይና ኤክስን በአንድ ጠርሙስ አስገቡ፤ በማሊና በጋምቢያ ተሞከረ፤ በሐምሌ 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና ሰጠው፤ በ2024 ናይጄሪያ ከዓለም ቀዳሚ ሆና መስጠት ጀመረች። ኤክስን የሚይዝ የመጀመሪያው ክትባት ይኸው ነው። ሲወጣ ዋጋው ሦስት ዶላር አካባቢ ነበር፤ ከ50 ሳንቲም ጋር ሲተያይ ይከብዳል፣ ሀብታም አገር ለተመሳሳዩ ከሚከፍለው ጋር ሲተያይ ግን የለም ማለት ይቻላል።

ከስድስቱ አምስቱ ተያዙ። ስድስተኛው ቢ ነው፤ ነገሩ የሚጥመውም እሱ ጋ ስንደርስ ነው።

የቢ ጋቢ የሰው ልጅ ነርቭ ሴል ላይ ካለ ስኳር ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሌባው የቤቱን ልጅ ልብስ ለብሶ ገባ እንደማለት ነው። ዘበኛውን ያንን ልብስ እንዲመታ ብታስተምረው የገዛ ልጅህን ሊመታ ይችላል፤ ደግሞም አይማርልህም። ስለዚህ ቢ ሳይንቲስቶቹን ጋቢውን ገልጠው ከሥሩ እንዲያዩ አስገደዳቸው። «ሰፊ መከላከያ» የሚሉት ምኞት የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። ከጋቢው ሥር ያለው ገላ፣ ማለትም የውጭ ሽፋኑ ፕሮቲኖች፣ ጋቢው ኤ ሆነ ቢ፣ ደብሊው ሆነ ኤክስ ሊመሳሰል ይችላል። በጋቢ ሳይሆን በገላ የሚለይ ዘበኛ ቢሠለጥን ቀጥሎ ማን ነው ብሎ መጠበቅ ይቀራል።

በ2000 የአንድ የቢ ጀርም ሙሉ የዘር መዝገብ ተነበበ። ጣሊያናዊው ሪኖ ራፑሊና ባልደረቦቹ መዝገቡን በኮምፒዩተር አገላብጠው ከገላው ላይ ሊወጡ የሚችሉ 600 ገደማ ፕሮቲኖችን መረጡ፤ ከነዚህ 350ውን ሠርተው አይጦችን ከተቡ፤ ጀርሙን የሚገድል አንቲቦዲ ያስነሱት ከሠላሳ አይበልጡም። ጀርም አሳድጎ ከመፈለግ ይልቅ ከመዝገቡ ተነስቶ ወደ ኋላ መምጣት ነው። ከዚህ ሥራ የወጣው ቤክሴሮ የተባለው ክትባት በአውሮፓ የተፈቀደው በ2013 ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ፈጀ።

ከተመረጡት አንዱ ፋክተር ኤች ያዥ የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ የእሱ ነገር ከልብ ወለድ ይበልጣል። በደማችን ውስጥ ባዕድን እየቀዳደደ የሚገድል የፕሮቲኖች ሠራዊት አለ። ይህ ሠራዊት የገዛ ሴሎቻችንን እንዳይበላ ፋክተር ኤች የሚባል ፕሮቲን እየዞረ «ይሄ የኛ ነው፣ እለፈው» ይላል። ማኒንጎኮከስ ይህንኑ መታወቂያ ነጥቆ ገላው ላይ ይለጥፈዋል። ተመራማሪዎች ፕሮቲኑን ክትባት ሲያደርጉት ግን ሌላ እንቅፋት አገኙ፦ የተከተበው ሰው ፋክተር ኤች መጥቶ ክትባቱንም ይለጠፍበትና ይሸፍነዋል። በካሊፎርኒያ ኦክላንድ የነበሩት ዳን ግራኖፍና ባልደረቦቹ ከፕሮቲኑ አንዲት ቁራጭ ብቻ፣ አንድ አሚኖ አሲድ፣ ቢለውጡ መታወቂያው መጣበቅ ሲያቅተው ክትባቱም ጉልበት ሲያገኝ አዩ።

ሌላው መንገድ የአረፋ መንገድ ነው። ማኒንጎኮከስ ሲያድግ ከውጭ ሽፋኑ ጥቃቅን አረፋ ይጥላል፤ አረፋው ሕይወት የለውም፣ የገላውን ፕሮቲኖች ግን እንደነበሩ ይዟል። ኩባና ኖርዌይ በ1980ዎቹ ይህንኑ አረፋ ለቢ ክትባት አደረጉት። ኒውዚላንድም ተከተለች፤ የሚገርመው በኋላ መዝገቡ ሲታይ የተከተቡት ወጣቶች ላይ ጨብጥ 31 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። የጨብጥ ጀርም የማኒንጎኮከስ የቅርብ ዘመድ ነው። እንግሊዝ በነሐሴ 2025 ለጨብጥ ተጋላጭ ለሆኑ ሰዎች ይህንኑ ዓይነት ክትባት መስጠት ጀመረች። ለማጅራት የታሰበ ለሌላ ሆነ፤ በገላ የሚለይ ዘበኛ የአጎት ልጆችንም ይይዛል።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ለዚህ ጽሑፍ ካገላበጥኩት ሁሉ እኔን የያዘኝም ይኸው ነው።

አዲስ አበባ፣ አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም አለ። የተሰየመው የሥጋ ደዌን ጀርም ባገኘው የኖርዌይ ሐኪም ነው፤ ከኖርዌይ ጋር ያለው ዝምድናም የቆየ ነው። በ1981 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጊዜ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከኖርዌይ ሳይንቲስቶች ጋር ከበሽተኞች የተገኙ ጀርሞችን መርምረው ነበር። ጀርሞቹ ኦስሎ ውስጥ በረዶ ውስጥ ተኙ። በ2002 እና 2003 ኢትዮጵያ ውስጥ እንደገና ወረርሽኝ ሲነሳ የተቋሙ ዶክተር አብርሃም አሰፋና የኖርዌይ ባልደረቦቻቸው አዲሶቹን ከአሮጌዎቹ ጎን አስቀመጡ።

የጀርሙን ዘር በሰባት ጂኖች ይመድቡታል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከሰባቱ የተለወጠው አንዱ ብቻ ነበር። ገላው ላይ ያለው ዋነኛ ፕሮቲን ግን ያው ነበር። አስቡት፦ መንግሥት ተለውጧል፣ አንድ ትውልድ ተወልዶ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ወረርሽኙን ያስነሳው አዲሱ ዘር ግን ከጋቢው ሥር ያንኑ ዋነኛ ሸሚዝ ለብሷል። በዚያ ፕሮቲን ላይ ለሚቆም ክትባት ይህ የምሥራች ነው። የኖርዌይ የሕዝብ ጤና ተቋም ከኩባው ፊንሌይ ተቋም ጋር ሆኖ ለአፍሪካ መቀነት የሚሆን የኤ፣ የደብሊውና የኤክስ አረፋ አዘጋጀ፤ አይጦች ላይ ሲሞከርም ሦስቱን የሚገድል አንቲቦዲ አስነሳ። እስከ ሰው ክንድ ድረስ ግን ርቀቱ ረጅም ነው። ኤ በሜንአፍሪቫክ ሲሸሽ ገንዘቡም አብሮ ሸሸ የሚል ጥርጣሬ አለኝ፤ ጥርጣሬ ነው።

ለወላይታ የሚቀርበው ጥናት ከሶዶ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ተኩል በመኪና፣ አርባ ምንጭ ዙሪያ የተሠራው ነው። በ2014፣ የኤ ክትባት አካባቢውን ሳያዳርስ፣ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 የሆነ ከ7,400 በላይ ጤነኛ ሰዎችን ጉሮሮ በጥጥ ጠረጉ። ከመቶ ሰባት የማይሞሉት ማኒንጎኮከስ ይዘው ተገኙ፤ አንዳቸውም አልታመሙም። ከተገኙት ጀርሞች የሚበዙት በየትኛውም ጋቢ የማይመደቡ ነበሩ። ራቁታቸውን የሚዞሩ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ለሰው አይከፉም፤ በሽታው የሚመጣው ጋቢ የለበሰው ሲያይል ነው። ጋቢ ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ግን እነዚህን ጭራሽ አያያቸውም።

ከጋቢና ከገላ የቱን ማየት ይሻላል በሚለው ላይ የክትባት ወዳጆች ይከራከራሉ፤ እኔም የራሴን ሐሳብ ልበል። ገላን የሚያይ ክትባት ሰፊ ነው፤ ስፋቱ ግን ሁሉም ነገር አይደለም። በደቡብ አውስትራሊያ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ቤክሴሮ ጀርሙን ከጉሮሮ እንደማያጠፋ አሳየ። የተከተበው ልጅ ራሱ ይድናል፣ ለእህቱ ግን ያስተላልፋል። ሜንአፍሪቫክ ተአምር የሠራው ያልተከተቡትንም ስላዳነ ነው፤ ጉሮሮውን ጠርጎ የመተላለፊያ መንገዱን ዘጋ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው በሚተኛበት የወላይታ ገጠር ቤት እኔ መርጬ ብቀበል ጉሮሮ የሚያጸዳውን ጠባብ ክትባት ከማያጸዳው ሰፊ ክትባት አስቀድማለሁ። ሁለቱን የሚያጋባ ሲመጣ ሐሳቤን እለውጣለሁ።

ስለ ኒሞኮከስ አጭር ልሁን። መቶ ጋቢ ተደምሮ አያልቅም፤ በ2011 ኢትዮጵያ የጀመረችው ክትባት አሥር ጋቢ ይዞ ነበር። የቦስተን ተመራማሪዎች ጋቢ የሌለውን ኒሞኮከስ ሙሉውን ገድለው ክትባት አድርገውታል፤ ኬንያ ውስጥም በሰው ላይ ተሞክሯል። ገና ገበያ አልወጣም። ለቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስ ደግሞ ነፍሰ ጡሯን ከትቦ ሕፃኑን በእናቱ አንቲቦዲ የማዳን ሙከራ እየተደረገ ነው።

በማግሥቱ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ እንሰት የከበበው አንድ ጤና ኬላ ሄድኩ። የክትባት ቀን ነው። እናቶች በእንጨት ወንበር ተደርድረዋል፤ ቢጫ የክትባት ካርዳቸው ላብ ጠጥቶ ጠርዙ ተልጧል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የስድስት ሳምንት ሕፃን ጭን ይዛ በአንዱ ፔንታቫለንት የሚባለውን አምስት በአንድ ክትባት፣ በሌላው የኒሞኮከስን ክትባት ወጋች። ሕፃኑ ለመጀመሪያው ትንሽ ዘገየ፤ ለሁለተኛው ወዲያው ጮኸ። «ጋላታይስ» አለች እናትየው በወላይትኛ አመስግና፣ የሚያለቅሰውን ልጅ ወደ ጡቷ እያስጠጋች።

«ይሄ ለምንድነው?» ብዬ ጠየቅኋት በሠራተኛዋ በኩል። «ለሳንባ ምች» አለች ያለማመንታት። እውነቷን ነው። ግን ፔንታቫለንቱ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ሂብ አለ። ስለዚህ በዚያች ደቂቃ ሁለቱ የሕፃኑ ጭኖች ከአራቱ ማጅራት መቺዎች ሁለቱን ተዋውቀዋል። ማጅራት ገትር የሚለው ቃል ግን አልተነሳም። ሥራ ላይ ያለውን ክትባት በሌላ በሽታ ስም ስናውቀው፣ የሌለውን ለመጠየቅ ምን ብለን እንደምንጠራው እንጃ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ላቦራቶሪው ተመለስኩ። ባለሙያዋ ስላይዱን አሳየችኝ፤ ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጌ ያየሁት ብዙ ነጭ የደም ሴሎች ነው፤ እንደ ተበተነ የጎመን ዘር። የቡና ፍሬ የለም፣ ሾል ያለ ጥንድም የለም። ልጁ ወደዚህ ከመላኩ በፊት ጤና ጣቢያ ሴፍትሪያክሶን የተባለ ጀርም ገዳይ መድኃኒት ተወግቷል። ትክክል ነው የሠሩት፤ መርፌውን ሳይወጋ ሌሊቱን ቢጓዝ ኖሮ ላይደርስ ይችል ነበር። ጀርሙ ግን ተገድሏል፤ የሞተ ጀርም በሳህን ላይ አይበቅልም። ማን እንደነበር አሁን ሊነግረን የሚችለው በዘረመሉ የሚለይ ማሽን ነው፤ ያ ማሽን ደግሞ አዲስ አበባ ነው።

የትኛውም ክትባት፣ ጠባብም ይሁን ሰፊ፣ የሚመረጠው ከነዚህ ጠርሙሶች በሚወጣ ቁጥር ነው። የትኛው ጋቢ በየት አለ፣ የትኛው ፕሮቲን ተለወጠ፣ ማን በማን ተተካ የሚለውን የሚያውቅ አገር ክትባት ሲመጣ ይመርጣል፤ የማያውቀው የተሰጠውን ይቀበላል። የ1981 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጀርም በረዶ ውስጥ ባይቀመጥ ኖሮ ያ የአሥራ አራት ዓመት ሸሚዝ አይታወቅም ነበር።

እናቱ ዋርዱ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጁ ውሃ ጠይቋል፤ ደህና ምልክት ነው አሏት። አጎትየው አየኝና «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ እናትየው እንድጠይቅላት የምትፈልገው ነገር አለ አለ። ቤት ሁለት ታናናሾች አሉ፤ ለነሱ የሚወጋ ነገር የለም ወይ? ሐኪሙን ጠየቅሁት። «እዚያው ውሃ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ቢታወቅ እነግራት ነበር» አለኝ።

ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙሱ የጀርም መጓጓዣ ምግብ ካለበት ሌላ ጠርሙስ ጎን፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ፀሐይ በማይነካው መደርደሪያ ላይ ቆሟል። ባለሙያዋ በነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ጽፋበታለች፦ «ፍሪጅ አይግባ»። ከሥሩ ቀኑ፣ የልጁ የካርድ ቁጥር፣ ከዚያ በትንንሽ ፊደል «ከመድኃኒት በኋላ የተቀዳ»። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና መቼ እንደሚመጣ ስጠይቃት ስልኳን አነሳች።